ፍልውሃን የሰጠን ስንጥቅ

ጽሑፉ ረዘም ያለ ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

በ2017 ዓ.ም ፈንታሌ ሲናወጥ ከከረመ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «መምህር፣ ይሄ ነገር ድሮም ነበር ወይስ አሁን የመጣብን ነው?» አንዳንዱ ስምንተኛው ሺህ ደርሶ ነው ይላል። አንዱ ደግሞ ከሩቅ አገር በማሽን የሚያናውጡን አሉ ብሎ የሃያ ደቂቃ ቪዲዮ ልኮልኛል። እስከ መጨረሻው አየሁት፤ ጊዜዬን የሚመልስልኝ የለም። ለእያንዳንዱ መመለስ ስላቃተኝ እዚሁ ልጻፈው። አጭሩ መልስ፦ ድሮም ነበር። ረጅሙ መልስ ግን ስለ መሬቱ ብቻ አይደለም። ስለ መሬት አሰጣጣችን፣ ስለ ቤት አሠራራችን፣ ማህተም ስለምንመታበት ወረቀትም ጭምር ነው።

ከአዲስ አበባ እንጀምር። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት ማሠራታቸውን፣ ከተማዋም በ1879 ዓ.ም ከዚያ መነሳቷን ሁላችንም ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ተምረናል። ያልተማርነው ፍልውሃው ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደሚፈልቅ ነው። ሙቅ ውሃ ከጥልቅ ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ ሲያገኝ ነው። መንገዱ ደግሞ ዓለቱ ተሰንጥቆ አንዱ ወገን ከሌላው የተንሸራተተበት መስመር ነው፤ እኛ ፎልት የምንለው። ከተማዋን መሐል ለመሐል ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚያቋርጥ እንዲህ ያለ መስመር አለ፣ ስሙም የፍልውሃ ፎልት ነው። እንግዲህ ከተማዋን የቆረቆሩት እቴጌ ጣይቱ ናቸው፤ ቦታውን የጠቆማቸው ግን ፎልቱ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። (ይሄ ማለት ነገ ፍልውሃ ለሁለት ይከፈላል ማለት አይደለም፤ ኮሜንት ላይ እንዳትጨቀጭቁኝ።)

ከተማዋ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላት፣ ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም፣ ከእሷ በስተደቡብ ስምጥ ሸለቆው አካባቢ መጠኑ ከ6.5 በላይ የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሳ። በአገራችን በመሣሪያ ከተመዘገቡት ትልልቆቹ አንዱ ነው። ንዝረቱ አዲስ አበባን አስደነገጠ። ያኔ ግን አዲስ አበባ ድንኳንና ሣር ክዳን ቤት የበዛባት የሰፈሮች ስብስብ ነበረች፤ የድንጋይ ቤት የሚቆጠር ነው። ግድግዳው በማገርና በልጥ የታሰረ ጎጆ ሲናወጥ ይንቋቋል፣ ጭቃው ይረግፋል፣ ቢዘምም ሰው ለማምለጥ ጊዜ ያገኛል። ያው ንዝረት ዛሬ ቢደገም የሚያገኘው ሌላ ከተማ ነው።

የድሮውን መንቀጥቀጥ ዛሬ ይህን ያህል የምናውቀው ባብዛኛው በአንድ ሰው ልፋት ነው። አባ ፒዬር ጉዋን ይባላሉ፤ ካናዳዊ ናቸው፣ ኢየሱሳዊ ካህን። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁን ሥራ ያስጀመሩት ካናዳውያን ኢየሱሳውያን እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት በተባለው ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 እና 58፣ አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ፤ ኃላፊው እሳቸው ሆኑ። መጀመሪያ የተፈለገው ለመሬት መንቀጥቀጥ አልነበረም። አዲስ አበባ ለማግኔታዊው የምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የምድርን የማግኔት ኃይል ለመለካት ነበር። የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያው ቆየት ብሎ ተጨመረ። ብዙም ሳይሰነብት ሥራ በዛለት።

1953 ዓ.ም ሲባል ሁላችንም የሚታወሰን የታኅሣሡ ግርግር ነው፤ መንግሥቱ ንዋይ፣ ገርማሜ፣ ክብር ዘበኛ። የዚያው ዓመት ግንቦት ግን ሰሜን ሸዋ ላይ ሌላ ነገር ሆነ። ካራቆሬ አካባቢ (ወደ ደሴ ሲኬድ ያለውን ማለቴ ነው፣ የአዲስ አበባውን ሰፈር አይደለም) መሬቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ለወራትም አላቆመም። ዋናው የመጣው ግንቦት 24 ነው፤ መጠኑ ከ6 በላይ። የማጀቴ ከተማ ሙሉ በሙሉ ፈረሰች። ካራቆሬ ላይ ከመቶ ቤት አርባ አምስቱ ወደቀ። ከካራቆሬ በስተሰሜን የአስመራው አውራ ጎዳና በ17 ኪሎ ሜትር ርዝመት በስንጥቅና በናዳ ክፉኛ ተጎዳ። በቀጥታ መስመር ወደ 200 ኪሎ ሜትር የምትርቀው አዲስ አበባም ንዝረቱ ተሰምቷታል።

ማጀቴ የወደቀችበትን ቦታ በካርታ ተመልከቱት። ደጋው አልቆ ቆላው የሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ነው፤ ምድር እየተዘረጠጠች ወደ አፋር የምትወርድበት ደረጃ። ሰው እዚያ የሰፈረው ሞኝ ሆኖ አይደለም። ውሃ እዚያ አለ፣ ለም አፈር ከተራራው ታጥቦ እዚያ ይከማቻል፣ የደጋና የቆላ ሰው የሚገበያየውም እዚያ ነው። ፎልት ለሰው ልጅ መልካም ነገር ይዞ ነው የሚጠብቀው። ፍልውሃም እንዲሁ ነው፤ የስምጥ ሸለቆው ሐይቆች፣ ለምለሙ የቦርከና ሜዳም እንዲሁ። «ከአደገኛ ቦታ ራቁ» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ ግማሽ ኢትዮጵያን ግን የት ልትወስዱት ነው?

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም፣ ተራው የሰርዶ ሆነ። (የካራቆሬው በፈረንጅ 1961 ነው፣ የሰርዶው በእኛ 1961። ፈተና ላይ ስንቱን እንዳምታታ የምታውቁ ታውቃላችሁ።) ሰርዶ ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ የአፋር ከተማ ናት። መጠኑ እንደገና ከ6 በላይ፤ ከተማዋ ፈረሰች፣ ሰው ሞተ፣ ብዙዎች ቆሰሉ። አፋሩ በቀጭን እንጨትና በሰሌን የሚሠራውን ተንቀሳቃሽ ጎጆ አስቡት፦ ቀላል ነው፣ ይታጠፋል፣ በሰው ላይ የሚጭነው ክብደት የለም። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ግን ወደ ጎን ሲጎተት የሚይዘው ነገር ስለሌለው ይፈርሳል፣ ከባዱን ጣሪያም ይዞ ይወርዳል። ዛሬ የክልሉ ዋና ከተማ ሰመራ ከሰርዶ በቀጥታ መስመር ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው የምትርቀው። ስትሄዱ ፎቆቹን ልብ ብላችሁ እዩአቸው።

አባ ጉዋን ይህን ሁሉ መሣሪያው ላይ እያዩ ብቻ አልተቀመጡም። ወደ ኋላ ሄደው ዜና መዋዕሉን፣ የሚሲዮኖችን ደብዳቤ፣ የተጓዦችን ማስታወሻ፣ ጋዜጣውን እየፈተሹ በየዘመኑ የተነገረውን ንዝረት ለቀሙ። አገሪቱን በአደጋ ደረጃ የሚከፍል ካርታም ሠሩ። መጽሐፋቸው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የሚል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ኦታዋ ላይ በእንግሊዝኛ ታተመ። ለእኔ በዚህ ሙያ ስለ አገራችን ከተጻፉት ሁሉ ትልቁ ሥራ ነው። የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሙሉ ክፍል ሊሠራው የሚገባውን አንድ ቄስ ሠሩት። በአማርኛ አለመተርጎሙ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

እንግዲህ እዚህ ላይ «አናውቅም ነበር» የሚለው ማመካኛ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የታወቀውን ነገር ምን አደረግንበት የሚል ነው።

የመጀመሪያው የመሬት መንቀጥቀጥ የሕንፃ ኮድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከዚያ በ1995 (በእኛ 1987) ለረጅም ጊዜ የሠራንበት ኮድ መጣ። እዚህ ጋ ትንሽ ሒሳብ ታገሡኝ፣ ጉዳዩ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ኮድ የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ መወሰን ያለበት «ሕንፃው የትኛውን ንዝረት ይቻል?» የሚለውን ነው። ብዙ አገሮች በ475 ዓመት አንዴ የሚጠበቀውን ይመርጣሉ፤ ማለትም በሕንፃው የ50 ዓመት ዕድሜ ውስጥ የመምጣት ዕድሉ 10 በመቶ የሆነውን። የ1987ቱ ኮዳችን የመረጠው በ100 ዓመት አንዴ የሚጠበቀውን ነው። በ50 ዓመት ውስጥ እሱን የሚያልፍ ንዝረት የመምጣት ዕድሉ ስንት ይሆናል? ወደ 40 በመቶ! ሳንቲም እንደ መወርወር ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። በዚያ ኮድ አዲስ አበባ የተሰጣት ቁጥር 0.05 ነበር። በግርድፉ ስናስበው ሕንፃው በራሱ ክብደት 5 በመቶ ያህል ወደ ጎን ቢጎተት ብላችሁ አስሉት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አዲሱ ኮድ ወደ 475 ዓመቱ ሲሸጋገር የአዲስ አበባ ቁጥር 0.1 ሆነ። እጥፍ።

ባለሙያው ዝም ብሎ ነበር ማለት አይቻልም። ዶክተር ላይቀማርያም አስፋው ዕድሜያቸውን በዚህ ላይ አሳልፈዋል። ዶክተር ሳሙኤል ክንዴ ከአሜሪካ ሆነው የመቶ ዓመቱ ነገር አያስኬድም ብለው በይፋ ጽፈዋል። ፕሮፌሰር አታላይ አየለን ደግሞ ዛሬ ቴሌቪዥን ላይ የማያውቃቸው የለም። ለኮዱ ጸሐፊዎችም ፍርድ ልስጥ፦ በ1987 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ ረጅም ፎቅ ብርቅ ነበር፣ ብረትና ሲሚንቶ ውድ ነበር፣ ለድሃ አገር መጠነኛ ነገር ይበቃል ብሎ ማሰብ ያኔ እብደት አይመስልም። ችግሩ ኮዱ እዚያው ቆሞ ከተማዋ መሮጧ ነው። ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ ኮንዶሚኒየሙ መጣ፣ ከዚያ ሪል እስቴቱ፣ ከዚያ ባለ ሃያ ፎቁ። እስከ 2007 ዓ.ም ድረስ በሥራ ላይ የነበረው ኮድ የመቶ ዓመቱ ነው። ስንቶቻችሁ እዚያ ውስጥ ትኖራላችሁ? እኔም አለሁበት።

አትደናገጡ፣ ይሄ ማለት ቤታችሁ ይወድቃል ማለት አይደለም። በደንብ የተሠራ አርማታ ከተሰላው በላይ ይሸከማል። «በደንብ የተሠራ» የሚለው ላይ ነው ነገሩ። ኮለኑ ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት ጫፍ ላይ ስታፋው መጠጋጋት አለበት፤ ፌሮው ሲናወጥ አርማታውን አቅፎ የሚይዘው እሱ ነው። ስታፋ መቆጠብ ደግሞ ቀላል ነው፣ አርማታ ከተሞላ በኋላ ማን ያየዋል? ሌላው ግራውንዱ ለሱቅ ተብሎ ግድግዳ አልባ የሚሆንበት አሠራር ነው። ከላይ ያለው በብሎኬት ተሞልቶ ግትር ሲሆን ከታች ያሉት ኮለኖች ብቻቸውን ይቀራሉ፣ ጉዳቱም እዚያ ላይ ይከማቻል። መርካቶና መገናኛ ስትዞሩ እንዲህ ያለ ስንት ታያላችሁ።

ከዚያ 2017 መጣ። ፈንታሌና ዶፈን መካከል ከመሬት በታች ማግማ ዓለቱን እየሰነጠቀ መንገድ ሲያበጅ ከርሟል። የካቲት 7 መጠኑ 6 ደረሰ። ፈንታሌ የዛሬ 200 ዓመት ገደማ ላቫ ማፍሰሱ የታወቀ ነው፤ ባዕድ ነገር አልመጣም። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ወጡ፣ አብዛኞቹ አርብቶ አደሮች ናቸው። የከሰም ግድብና ስኳር ፋብሪካም እዚያው አካባቢ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ የነበረው ወሬ ግን ስለ ሻንደሊየር መወዛወዝ ነበር። ሌሊት በፒጃማ ደረጃ የወረዳችሁትን አልወቅስም፤ ብቻ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ርቀን እንዲህ ከሆንን እዚያው ያሉት እንዴት እንዳደሩ ማሰብ ይገባል።

የመሬት መንቀጥቀጥ ስሙ ከበደ እንጂ በየክረምቱ ሰው የሚጨርስብን ናዳ ነው። ዶክተር ሉልሰገድ አያሌው በሠሩት ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1998 ባሉት ዓመታት ብቻ ናዳ 300 ያህል ሰው ገድሏል፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ አስፋልት አበላሽቷል፣ ከ200 በላይ ቤት አፍርሷል። ደሴን የምታውቁ የጦሳን ግርጌ አስቡ። ተዳፋቱ ላይ ያለው ልቅ አፈርና ስብርባሪ ዓለት ክረምት ውሃ ሲጠግብ ይከብዳል፣ መያዣውም ይላላል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል። ግድግዳ የሚሰነጠቀው፣ የመብራት ምሰሶ የሚያዘነብለው ለዚህ ነው። እኛ ደግሞ ቤት ለመሥራት የተዳፋቱን እግር እንቆርጣለን፣ ከላይ የሽንት ቤት ጉድጓድና የጣሪያ ውሃ እንለቅበታለን።

ጎፋ ላይ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም የሆነውን አልረሳችሁትም። ገዜ ጎፋ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ። መጀመሪያ የተናደው ሰዎችን ቀበረ። ጎረቤት ሊያወጣ በእጁና በዶማ ሲቆፍር ሁለተኛው መጣ። የሞተው ከ200 በላይ ነው፤ ብዙዎቹ ለመርዳት የመጡ ናቸው። የተናደ ተዳፋት ከላይ ያለውን ድጋፉን ነጥቆ ይተወዋል፣ ስለዚህ ሁለተኛው ይከተላል፤ ይህ የክፍል ሁለት ዓመት ትምህርት ነው። ነገር ግን የት ነው ያስተማርነው? አዳራሽ ውስጥ፣ በእንግሊዝኛ፣ ለፈተና። ቀበሌ ድረስ ያደረሰው የለም። ወገኑ ተቀብሮ ቁጭ ብሎ የሚያይ ኢትዮጵያዊ እንደሌለ እያወቅን።

አሁን ወደ ሥራችን፣ ወደ አማካሪነቱ ልምጣ። ሕግ አጥተን አይደለም። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አለ፤ የሕንፃ አዋጅም አለ። ችግሩ ጥያቄው የሚጠየቅበት ሰዓት ነው። መሬቱ በፕላን ላይ ይሸነሸናል፣ ሊዝ ይከፈላል፣ ካርታ ይወጣል፣ አርክቴክቱ ይሥላል፣ በመጨረሻ ፈቃድ ለማግኘት «ሶይል ቴስት አምጣ» ይባላል። በዚያ ሰዓት ጂኦሎጂስቱ «እዚህ ቦታ አይሠራ» ቢል ማን ይሰማዋል? ሰውዬው ያለ የሌለውን ከፍሏል። ስለዚህ ሪፖርቱ «አይሆንም» ማለት አይችልም፤ የሚችለው «መሠረቱን ጠለቅ አድርጉት» ማለት ብቻ ነው። የአባ ጉዋን ካርታም ሆነ የደሴው ስንጥቅ መጠየቅ የነበረበት ከሽንሻኖው በፊት ነበር።

አንድ ባለሀብት በአንድ ወቅት የጎረቤቱን የአፈር ምርመራ ሪፖርት ይዞልኝ መጣ። «ስሙን ቀይረህ ማህተምህን ምታበት» አለኝ። እንዴት ተብሎ ብለው «አፈሩ ያው አይደል እንዴ? የሚለየን አጥር ነው እኮ» አለ። ሳቅ አፍኖኝ ዋልካ አጥር አይቆጥርም፣ ግን አጥርህ ድረስም ላይደርስ ይችላል አልኩት። እውነት ነው፤ ቦሌ በኩል ያለው ጥቁር ዋልካ አንድ ግቢ ውስጥ በአንደኛው ጥግ ሦስት ሜትር ወርዶ በሌላው ጥግ ዓለቱ ላይ ስስ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ግማሹ በዋልካ ግማሹ በዓለት ላይ ያረፈ ቤት በየዓመቱ አንድ እግሩን እንደሚያነሳ ሰው ነው። አልፈርምም አልኩ፣ ሌላ የሚፈርም አገኘ። ሕንፃው ዛሬም ቆሟል፣ ካፌም አለው። እናንተ ወጣቶቹን የሚፈትናችሁ ይሄ ነው፦ ያልፈረመው ሰው ሥራ ያጣል፣ የፈረመው ደግሞ ለሃያና ሰላሳ ዓመት ትክክል ሊመስል ይችላል።

የአካባቢ ተፅዕኖ ሪፖርት ላይማ አይነሳ። አንድ ጊዜ ለአስተያየት የተሰጠኝ ሰነድ ፕሮጀክቱ ሰበታ ነው፤ አራተኛው ምዕራፍ ላይ የሐዋሳ ሐይቅን ዓሦች በዝርዝር ያትታል። ኮፒ ሲያደርጉ ስሙን ቀይረው ዓሦቹን ረስተዋቸዋል። ስለ ተዳፋቱ፣ ስለ ከርሰ ምድር ውሃው፣ ስለ ፎልት አንድ መስመር የለም። ዘጠና ገጽ ነበር።

ውጭ ሆናችሁ ለእናት ለአባት ቤት የምታሠሩ፣ ብዙዎቻችሁ ለገጣፎ፣ አያት፣ ባሕር ዳር፣ ደሴ ናችሁ። ከኮንትራክተሩ የሴራሚክ ፎቶ ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁልኝ። አንደኛ፣ የአፈር ምርመራው በዚያው ቦታ የተቆፈረ ለመሆኑ የቁፋሮውን ፎቶና ቀን። ሁለተኛ፣ ስሌቱ በየትኛው ኮድ እንደተሠራ። ሦስተኛ፣ አርማታ ከመሞላቱ በፊት የኮለኑን ስታፋ በሜትር ለክተው ፎቶ እንዲልኩላችሁ። «ምን አገባህ» የሚል መልስ ከመጣ እሱም መልስ ነው።

አንድ የምጠይቃችሁ አለኝ። የማጀቴና የካራቆሬ ተወላጆች እዚህ ገጽ ላይ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በ1953 ዓ.ም ልጅ የነበሩ አባት፣ እናት፣ አያት ያላችሁ ጠይቁልኝ፦ መጀመሪያ የሰሙት ድምፅ ምን ዓይነት ነበር፣ የማን ቤት ወደቀ፣ የማን ቆመ፣ የቆመው ቤት ከምን ነበር የተሠራው፣ ምንጭ የደረቀ ወይም ቦታ የቀየረ ነበር ወይ፣ ከዚያ በኋላ ከተማው እንደገና ሲሠራ ቦታውን ማን መረጠው? በስልካችሁ ቅዱና ላኩልኝ፣ በውስጥ መስመርም ይሆናል። እነዚህ ሰዎች አሁን ሰባና ሰማንያ ዓመት ሞልቷቸዋል፣ የዘንድሮው ክረምት ሳይገባ ብንጀምር ጥሩ ነው።